ሾተላይ አለባት የተባለችው ሥርጉት

ሥርጉት እናቷ ቤት አራስ ካለ እንዳትገባ የተከለከለችው ሌባ ሆና አይደለም። ሾተላይ አለባት ተብላ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ማቲዎስ ደህና ተወልዶ፣ ይኸው ዛሬ ኳስ ሲያባርር ይውላል። ከእሱ በኋላ ያረገዘቻቸው ሁለቱ ግን አልበረከቱላትም፤ አንዱ እዚያው ሆዷ ውስጥ፣ አንዷ በተወለደች ማግስት ሞቱ። እንጦጦ አፋፍ ላይ ያለው ሰፈር ታዲያ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። «ልጅ የሚበላ መንፈስ ተጠግቷታል፤ አራስ ከነካች ይጋባል» ብሎ አረፈው።

መንፈስ? የምን መንፈስ! ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ አስረድቷታል። የእሷ ደም ኔጌቲቭ ነው፤ የማቲዎስ እንደ አባቱ ፖዘቲቭ። ስትወልድ የልጁ ደም ከእሷ ጋር ሲነካካ፣ ሰውነቷ ባዕድ ገባብኝ ብሎ ቂም ያዘ። የመጀመሪያው ልጅ አንዴ ወጥቷል፤ አመለጠ። ቂሙ የተወጣው በሚቀጥሉት ላይ ነው፤ ሆዷ ውስጥ እያሉ ደማቸውን አፈረሰው። ሰውነቷ ቂም ሳይይዝ የሚያስቀር መርፌ ነበር፤ በወለደች በሦስት ቀን ውስጥ መወጋት ነበረባት። ግን አራስ ነበረች፣ አራስ ደግሞ ከቤት አትወጣም። እናቷ ወይዘሮ የማርያምወርቅ በሩ ላይ ቆመው «ልጄን ለምች አልሰጥም» አሉ፤ ሥርጉትም ገና ልጅ ነበረችና እሺ ብላ ተኛች። እሳቸው ያን ቀን ረስተውታል። እሷ አልረሳችውም።

ዘንድሮ ሚያዝያ ላይ ታናሽ እህቷ ሀሴት፣ እንደ ወጉ ለመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት ገብታ፣ ጤና ጣቢያ ወለደች። ደሟ ኔጌቲቭ፣ የልጇ ፖዘቲቭ። መርፌው እዚያ አልነበረምና «ሦስት ቀን ሳይሞላት ታች ሆስፒታል ውሰዷት» ተባሉ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ አራሷን ይዘው ቀጥ ወደ ቤት። ትራሷ ሥር ቢላዋ፣ በሩ ላይ መጋረጃ፣ አጠገቧ ገንፎ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሀሴት በስልክ ለእህቷ ሹክ አለቻት። ኮተቤ ልብስ የምትሰፋው ሥርጉት የሰው ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ እንደተሰካ ጥላ፣ ደሟ ፈልቶ ዳገቱን ወጣች።

«እዚያው ቁሚ» አሏት እናቷ ከበሩ።

«እማዬ፣ ጋቢ አልብሻት። እንሄዳለን።»

«አራስ ይዘሽ የት? ምች ሊመታት?»

«ምች ከመታት እናክማታለን። ይሄ ቀን ካለፈ ግን የሚያክማት የለም።»

«እኔ ስምንት ስወልድ አንድም መርፌ አላየሁም።»

«የአንቺ ደም ሌላ ነው። የእኛ ሌላ ነው።»

እናቷን በትከሻዋ ገፋ አድርጋ፣ ከነጭቃ ጫማዋ ገባች። ሀሴት ስትወልድ ተሰፍታለች፤ ቁልቁለቱን በእግሯ አትችለውም፣ ባጃጅ ደግሞ እዚያ አፋፍ ድረስ አይወጣም። ሥርጉት በወጣትነቷ በዚሁ መንገድ የባሕር ዛፍ ሸክም ስታወርድ ኖራለች። ተንበረከከችና እህቷን አዘለቻት።

«ልጁን አልሰጥሽም» አሉ እናቷ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

«ያዢው። ሲርበው ጡቱን ተከትለሽ ትመጫለሽ።»

መቼም ምን አማራጭ አላቸው? ሕፃኑን ታቅፈው፣ እየተራገሙ ተከተሉ። ቦኖው ጋ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለች ጄሪካናቸውን አስቀምጠው «ምነው ሥርጉት፣ አራስ አዝለሽ ወዴት ነው?» አሉ።

«ሾተላይ ልገድል ነው፤ ይምጡና ይዩ» አለች፣ ሳትቆም። ፈርታለች። ቢሆንም እስከ አስፋልቱ አላወረደቻትም። ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል ደረሱ።

ነርሷ ሀሴትን ወጋቻት። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ሕፃኑን እያባበሉ ጠየቁ፤

«ይሄ ለምኗ ነው?»

«ቀጣዩን ልጇን የገዛ ደሟ እንዳይጎዳባት ነው፣ እማማ። በጥሩ ሰዓት መጥታችኋል። አራስ አትወጣም እየተባለ ስንቷ ቤት ትቀራለች።»

 አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ ሥርጉት እያመለከቱ «ይችንስ? አሁን ብትወጓት?» አሉ።

«አንዴ ሰውነቷ ቂም ከያዘ መርፌው አይሠራም» አለች ነርሷ።

ሥርጉት ግድግዳውን አየች። ይህን ስታውቀው ዓመታት አልፈዋል፤ በእናቷ ፊት ሲነገር ግን እንደ አዲስ አንጀቷን አቃጠላት።

ሲመለሱ ዳገቱን እያረፉ ወጡት፤ ሀሴት እንደገና እህቷ ጀርባ ላይ፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ ከኋላ፣ ምርቃትም እርግማንም የለ። እትዬ አስካለች ደጃፉ ላይ እየጠበቁ ነበር።

«የማርያምወርቅ፣ ይችን ልታስገቢያት ነው? ሾተላይዋስ?»

«ሾተላዩ እኔ ነበርኩ» አሉ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። «በሩ ላይ የቆምኩባት እኔ ነኝ።»

ይህን ብለው ሕፃኑን ለሥርጉት ዘረጉላት። ሥርጉት እናቷን አላጽናናችም፤ ምንም አይደለም አላለችም፣ እንዲያ የሚባል አልነበረምና። ልጁን ተቀበለችና ከነጫማዋ ገባች።