የመዓላው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከምኖርበት ከመንሱራ ሰፈር የተነሣሁት የክርስትና እናቴን እማማ ጽጌን ወደ ቤቴ ለማምጣት ነው። የሚኖሩበት የመዓላ ሰፈር ሕንፃ በየመኑ ጦርነት ከተመታ ወዲህ ተሰነጣጥቋል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ በረንዳ ተገንጥሎ ወደቀ። ሰው አልተጎዳም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ደባቡ፣ ማለትም ሚኒባሱ፣ ባሕሩን በሚያቋርጠው መንገድ ሲያልፍ ተሳፋሪው በታሪፍ ጭማሪ ከሾፌሩ ጋር ይከራከር ነበር። መዓላ ወርጄ፣ እማማ በወተት ሻይ እየነከሩ የሚበሉትን ኽሚር የሚባለውን ጥብስ ዳቦ ገዛሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል

ሦስት ፎቅ በእግር ወጣሁ። እማማ ሻይ አፈሉና፣ እንሂድ ስላቸው ስለ ሕንፃው ያወሩኝ ጀመር። የተሠራው ለእንግሊዝ ወታደሮች ቤተሰቦች ነበር። የእማማ እናት እዚያ ልብስ ሲያጥቡ የሚገቡት በጓሮ በር ብቻ ነበር። እንግሊዞች ከሄዱ በኋላ መንግሥት ቤቶቹን ሲያድል፣ ሁጀይፍ ወደብ ይሠሩ ለነበሩት ለእማማ ባለቤት ይኼ ቤት ደረሳቸው።

«ቁልፉን ይዤ የገባሁት በዋናው በር ነው» አሉኝ።

ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ኡሙ ሰሊም የሚባሉ የመናዊት ናቸው። በጦርነቱ ወቅት ሁለቱ ውኃና ዱቄት ተካፍለዋል። አሁን የኡሙ ሰሊም ዓይን ጠፍቷል፤ ልጃቸውም ባሕር ማዶ ነው።

«እኔ ብሄድ እሷን ማን ያያታል፣ ልጄ?»

ኡሙ ሰሊም ዘንድ ሄድኩ። እጄን ይዘው፣ ጎረቤታቸውን እንድወስድ፣ እሳቸው ግን ለብቻቸው እንደማይቸገሩ በዓረብኛ ነገሩኝ። እማማ ከበሩ ላይ ሰምተው ተቆጧቸው። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ እኔ ቤቴ ያለው ክፍል ሁለት ብቻ መሆኑን አሰብኩ። ከዚያም የሁለቱንም ልብስ መሸከፍ ጀመርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መንሱራ

ባለቤቴ በሩን ከፍቶ አንድ እንግዳ ሲጠብቅ ሁለት አየ። አልጋችንን ፈታቶ ወደ ሳሎን አወጣው። አሮጊቶቹ በመስኮቱ በኩል ማን ይተኛ በሚል ይከራከራሉ፤ ሁለቱም ለሌላኛዋ ነው የሚሉት።

ለሁለት ዓመት እማማን ከዚያ ቤት ይውጡ እያልኩ እለምናቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው ስለሚኖረው ሰው ግን አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።