የቡሬዋ ኮሮላ

እኔ ፍኖተ ሰላም የማስተምር፣ የሦስት ትንንሽ ልጆች አባት ነኝ። መኪና ለመግዛት ስናስብ ዳገት ላይ የማታቃስት፣ ስነዳት ደስ የምትለኝ አማረችኝ። ባለቤቴ ግን፣ «ሦስቱን ልጆችና አንድ ኩንታል ጤፍ ካልያዘች አልሳፈርም» አለች።

ቡሬ የምትሸጥ ኮሮላ አለች ሲሉን ልጆቹን ይዘን ሄድን። ሻጯ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ነርስ ናቸው። ልጆቻቸው «ከእንግዲህ አይንዱ» ስላሏቸው መኪናዋ ዓመት ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«እማማ፣ እስቲ ልሞክራት?» አልኋቸው።

«ጠባይዋን አታውቀውም፤ መጀመሪያ እኔ ላሳይህ» ብለው መሪውን ያዙ።

ከከተማ እንደወጣን ነዳጅ ሰጧት። የቦቆሎው ማሳ በመስኮቱ ይሮጣል። ልጆቹ ከኋላ በደስታ ይጮኻሉ፣ ባለቤቴ ማርያምን ትጣራለች፣ እኔ በሌለ ፍሬን ወለሉን እረግጣለሁ። እማማ ግን እንደ ልጃገረድ ይስቃሉ።

ስንመለስ ባለቤቴ የዕቃ መጫኛውን ከፍታ ውስጡን አየችና፣ «ጤፉንም ትይዛለች፤ እንግዛት» አለች። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ለመቀበል እጄን ዘረጋሁ።

እማማ ቁልፉን መቀነታቸው ውስጥ ሸጎጡት።

«አፉ በለኝ ልጄ፤ ዛሬ ስነዳት ሃያ ዓመት ቀነሰችልኝ። አልሸጣትም።»