አልተኛም ያሉት ሽማግሌ

እህቴን ባስታመምኩበት የዓለም ከተማ ጤና ጣቢያ፣ ከጎናችን ባለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጠያቂ የላቸውም። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናቸውን ደርበው ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲያዩ ይውላሉ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው የመስኮቱን ብረት ይይዛሉ እንጂ አይቀመጡም። ከእጃቸው የማትለይ ድንጋይ አለቻቸው፤ የቀንድ አውጣ ቅርጽ ታትሞባታል።

«ከዚያ ገደል ያገኘኋት ናት» አሉኝ አንድ ቀን። «ይህ አገር ድሮ ባሕር ነበር። ይህ ፍጥረት እዚያው ኖሮ ሲሞት ባሕር ውስጥ መኖሩን አላወቀም። እኔ አወቅሁለት።»

«ማን ነገረዎት?»

«ልጄ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

በማግስቱ ነርሷ ሲስተር ገሊላ ተቆጣቻቸው።

«አባባ፣ ልብዎ ደክሟል። ይተኙ እንጂ!»

«ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ አፈር ሆኜ ተኝቼ ኖርኩ። ነገም አፈር ሆኜ እተኛለሁ። ዓይኔን የገለጥኩት በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ እሷንም በእንቅልፍ ልጨርሳት?»

ሲስተር ወጥታ ወንበር ይዛ ተመለሰችና መስኮቱ ሥር አስቀመጠችላቸው።

«ተባረኪ» አሏት። «አስታማሚዋ ደክሟታል» ብለው ወንበሩን ወደ እኔ ገፉት፤ እሳቸው ቆመው አመሹ።