ማሽኑ የጣላቸው

የሥራ ባልደረቦቿ «ለቃሚዋ» ይሏታል። ሰው ከምስር ጠጠር እንደሚለቅም እሷም ቀኑን ሙሉ ሴል ስትለቅም ትውላለች። ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸውን ስቴም ሴሎች የልብ ጡንቻ እንዲሆኑ ትገራለች፤ ከዚያ የሚያበራ ቀለም ታስይዛቸውና በጨረር በሚለይ ማሽን ታሳልፋቸዋለች። የተገሩት አረንጓዴ እያበሩ ወደ አንዱ ቱቦ ይገባሉ፣ እምቢተኞቹ ወደ ሌላው ይወርዳሉ። እምቢተኛ ሴል ሰው ገላ ውስጥ ከገባ እብጠት ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ስለዚህ የእምቢተኞቹ ቱቦ ላይ በቀይ «ይቃጠል» ብላ ጽፋ ለአለቃዋ ታስረክባለች።

አንድ ቀን ጉልበታቸው ከድቷቸው የሚያነክሱት አጎቷ «ክሊኒክ አድርሺኝ» አሏት። ክሊኒኩ ምንጣፉ እግር ይውጣል፤ ግድግዳው ላይ የሚሮጡ ሽማግሌዎች ፎቶ ተሰቅሏል። ነርሷ «አዲስ ጉልበት የሚያበቅል ስቴም ሴል ነው» እያለች መርፌና ቱቦ በትሪ ይዛ ገባች።

ለቃሚዋ ቱቦውን አየችና ምራቋ መረረ። ቀዩ ጽሑፍ በአልኮል ተፍቆ «ይቃ» የምትለዋ ብቻ ቀርታለች። የራሷ የእጅ ጽሑፍ ናት።

«ጋሼ፣ ይነሱ! እንሂድ።»

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ይሄ ቆሻሻ ነው። የጣልኩት እኔ ነኝ!»

«ልድን ስል ዓይንሽ ደም ለበሰ?» አሉ አጎቷ፣ ሰው ፊት አፍረው።

ቱቦውን ከትሪው ላይ መንትፋ ወጣች፣ በቀጥታ አለቃዋ ቢሮ ገባች። ጥፍሩን እየሞረደ ነበር። ቱቦውን አይቶ እንኳ አልደነገጠም።

«ከሚቃጠል ተሸጦ ለሰው ቢጠቅም ምን አለበት? ደግሞስ እስካሁን ማን ሞተ?»

«እስካሁን» ሲል ቱቦውን እንደያዘች ሮጣ ወጣች። መታጠቢያ ቤት እስክትደርስ አልቻለችም፤ ኮሪደሩ ላይ አስመለሳት። አፏን ጠርጋ ቱቦውን ለጤና ተቆጣጣሪዎች ወሰደች።

ክሊኒኩ ታሸገ፣ አለቃዋም ታሰረ። እሷ ግን መጸየፉ አልወጣላትም፤ ከማሽኑ ፊት በተቀመጠች ቁጥር እጇን ደጋግማ ትታጠባለች።

አጎቷ ለወራት አኮረፏት። በኋላ ግን እዚያው ክሊኒክ ተወግታ የነበረች ጎረቤታቸው ከጉልበቷ ሥር እብጠት በቀዶ ጥገና ወጣላት። ይህን ሲሰሙ እያነከሱ መጥተው ደጇን አንኳኩ።

«ደህናዎቹ ሴሎች ለኔ ይደርሱልኛል?» አሏት፣ ገና ሳይቀመጡ።

«እንጃ፣ ጋሼ። የጉልበቱን ገና በቅጡ መግራት አልተቻለም።»

«እንግዲያው ውሸታም ሁሉ ከሚወጋኝ ባነክስ ይሻለኛል» አሉና ወንበር ሳቡ።