የትኛው መርፌ?

ከሱስ የሚያገግሙ ሰዎች መድኃኒት በሚወስዱበት ክሊኒክ በየጠዋቱ ቀድሞ የሚደርሰው አንድ ከሲታ ሰው ነው። ኮቱ አርጅቷል፤ ከቁልፎቹ ግን አንድም የላላ የለም። ነርሷ መጀመሪያ የመጣበት ቀን ትዝ ባላት ቁጥር እስካሁን ትስቃለች። ሽማግሌው ዘበኛ፣ "ኪስህ ውስጥ ምን አለ?" ቢለው፣ "መርፌ" ብሎ እርፍ! ዘበኛው ክው አለ። ቢፈትሸው የተገኘው ጥቁር ክር የተጠመጠመበት የልብስ መርፌ ነው።

"የትኛው መርፌ መሰለህ ጋሼ? ያኛውንማ ልተው አይደል የመጣሁት!"

ልብስ ሰፊ ነበር። ያኛው መርፌ ሱቁንም፣ የስፌት መኪናውንም፣ ትዳሩንም በላበት። አሁን የመድኃኒት ሽሮፑን ነርሷ ፊት ጭልጥ ያደርግና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ወረፋ ለሚጠብቁት ሰዎች የተበጠሰ ቁልፍ ይተክላል። ወሬው ሁሉ ስለ እናቱ ነው።

"ዓይኗ ደክሞ ስለነበር መርፌዋ ላይ ክር የማስገባላት እኔ ነበርኩ። አንዴም ስቼ አላውቅም። 'ና እስቲ ዓይኔ' ነበር የምትለኝ። ስሜ ሌላ መሆኑን ያወቅኩት እኮ ትምህርት ቤት ስገባ ነው።"

ዛሬ የነርሷ ጋውን ቁልፍ ተበጥሶ አየና፣ "አምጪው" አላት። የክሩን ጫፍ በምራቁ አርጥቦ ሞከረ። ሳተ። ደግሞ ሞከረ። በሦስተኛው ነርሷ መርፌውን ተቀብላ ክሩን አስገባችለት።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ክሩን ቋጠረ።

"ተባረኪ፣ ዓይኔ" አላት።