ባንድ ዓይን የተሳለችው ሴት

ጠዳ ውስጥ የሥዕል መምህርት ነኝ። የሠፈሩ ምንጭ ከደረቀ ወዲህ ተማሪዎቼ ፈርተዋል፤ እኔም በየቀኑ "አይዟችሁ" እላለሁ። ባለፈው ግን "እስቲ የምትፈሩትን ሳሉትና እንነጋገርበት" አልኳቸው።

ማስተዋል የምትባለው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ልጅ፣ በተሰነጠቀ መሬት ላይ የቆመች ሴት ስላ አመጣች። ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ጎን አዙራለች፤ የሚታየው አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ደነገጥኩ። አባቷ ግድግዳ ላይ ጻድቃኑን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን ባንድ ዓይን እንደሚስል የማያውቅ ሰው እኛ ጋ የለም። ቀሚሷ ደግሞ ቁርጥ የኔን!

"ምነው ማስተዋል፣ ምን በደልኩሽ?" አልኳት።

"እርስዎ አይደሉም ቲቸር" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "እኔ ነኝ። እንደ እርስዎ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ምንጩ እንደማይመለስ እያወቅኩ ልጆችን 'አይዟችሁ' ስል።"