የኦቦ ዲሪባ ሽቦና የጁፒተር ጨረቃ

ቡራዩ ላይ ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ አይነግርም። መምህርት ዕድላዊት ጃንጥላዋን ታክሲ ውስጥ ረስታ ወርዳ ነበርና፣ ያገኘችው ጅምር ሕንፃ ሥር ሮጣ ገባች። እዚያ ጸጉራቸው የሸበተ አንድ ፌራዮ ከፌሮ ክምር መሀል ተቀምጠው ብረቱን በጥቁር ሽቦ ያስራሉ።

"አካም ጅርቱ! ነይ ወደ ውስጥ፣ እዚያ ጋ ያፈሳል" አሏት።

ኦቦ ዲሪባ ይባላሉ፤ የተጂ ሰው ናቸው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ሰበታ ገብተው ድንጋይ ተሸከሙ፤ ቀጥሎ ፌሮ ማጠፍ ለመዱ። ይኸው አርባ ዓመት አለፋቸው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ብረቱን ያላሰሩት የሕንፃ ኮለን ጥቂት ነው። "የኔን ሥራ ማንም አያየውም፤ ሲሚንቶ ይበላዋል" ብለው ሳቁ። "አንቺስ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?"

"ተማሪዬ ቤት" አለች። ሳታስበው ሁሉን ዘረገፈችላቸው።

ከሦስት ቀን በፊት ክፍል ውስጥ ጁፒተርን ከሚዞሩት ጨረቃዎች አንዷ፣ አዮ የምትባለው፣ በእሳተ ገሞራ የተሞላች ናት ብላ አስተማረች። ሚንሃ እጇን አወጣች፤ "ቲቸር፣ የኛዋ ጨረቃ ቀዝቅዛ የለ? ያቺን ምን አሞቃት?"

"ፀሐይ ናታ!"

"እንዴ! እሷ እኮ ከኛ ይልቅ ከፀሐይ የራቀች ናት!"

ክፍሉ በሳቅ አወካ። የዕድላዊት ፊት ጋለ፤ "አዋቂ ነኝ ባይ! ውጪልኝ!" አለች። ሚንሃ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ትምህርት በቃኝ፣ ከአባቴ ጋር ሱቅ እውላለሁ ብላለች አሉ።

"ታዲያ መልሱን አገኘሽው?" አሉ ኦቦ ዲሪባ።

"መጽሐፉ፣ ጁፒተር በስበቱ እያሻሸ ያግላታል ይላል። ስበት እንዴት ድንጋይ ያቀልጣል? ለኔው ያልገባኝን ምን ብዬ ልንገራት?"

ኦቦ ዲሪባ ጉጠታቸውን አስቀመጡ። ቁራጭ ሽቦ አንስተው አንድ ቦታው ላይ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ ቶሎ ቶሎ አጣጠፉት። ቀጭ ብሎ ሲበጠስ ጫፉን ዘረጉላት። "እንኪ፣ ያዢልኝ።"

"ዋይ!"

ሽቦው ከእጇ ወደቀ። ጣቷን ወደ አፏ ሰደደች። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፤ ውጭ ዝናብ ይወርዳል። ሽቦው ግን ለብልቧታል!

"አዲስ ፌራዮ የምንቀበለው እንዲህ ነው፤ ያልጮኸ የለም" ብለው ተንከተከቱ።

ዕድላዊት አልሳቀችም። ዐይኗ ፈጦ ቀረ። "ወዲያ ወዲህ..." አለች። "ኦቦ ዲሪባ፣ እንዲህ ነው ለካ! ሌሎቹ ጨረቃዎች ስለሚስቧት የአዮ መንገድ ክብ አይሆንላትም። አንዴ ወደ ጁፒተር ትጠጋለች፣ አንዴ ትርቃለች። ስትጠጋ ይለጥጣታል፣ ስትርቅ ይለቃታል። ሆዷ እርስ በርሱ ሲፋተግ ይግላል፤ ድንጋዩ ይቀልጣል!"

"ሳትበጠስ?"

"ሳትበጠስ!"

"ያ ዋቅ!" አሁን መደንገጥ የሳቸው ተራ ሆነ። የገዛ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። "የኛዋስ?"

"የኛዋን ጨረቃ ምድር እንደዚያ አታጣጥፋትም። ደግሞ ትንሽ ናት፤ ትንሽ ዳቦ ቶሎ ይበርዳል። ምድር ግን ትልቅ ስለሆነች የውስጥ ሙቀቷ እስከ ዛሬ አላለቀም፤ አንዳንዱ ድንጋይዋም ከራሱ ሙቀት ያወጣል።"

ዝናቡ አባራ። ዕድላዊት ሽቦውን ከመሬት አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "በቃ፣ መልሱን ይዤላት ልሂድ!"

"እኔም ጠይቄ ነበር" አሉ ኦቦ ዲሪባ ሥራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ። "ሰባተኛ ክፍል። የአጥር ሽቦ ሲታጠፍ ለምን ይግላል ብዬ።"

ዕድላዊት እግሯ መሬቱ ላይ ተተከለ። "መምህሩ ምን አሉ?"

"'አርፈህ ተቀመጥ።' ክፍሉ ሳቀብኝ። በማግስቱ አልሄድኩም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይኸው" አሉ፣ የፌሮውን ክምር በአገጫቸው እያሳዩ።

የጣቷ ቃጠሎ ጠፋባት። ሽማግሌው ቀና አሉ።

"መልሱን ኋላ ትነግሪያታለሽ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ 'አላውቅም ነበር' በያት። ለኔም እንዲህ ብሎ የመጣልኝ ሰው ቢኖር፣ በማግስቱ ደብተሬን ይዤ እሄድ ነበር።"